የፊት ብጉርን ደረጃ በደረጃ ማከም፦ ከሳሙናው እስከ ሐኪሙ

አዳማ ውስጥ ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፦ «ለብጉር ምን አላችሁ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ የቱቦ ፎቶ ያሳያል፤ ጓደኛው ተቀብቶ የዳነበት ነው። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ «በስንት ቀን ያጠፋልኛል?»

እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼኛው ነው። ብጉር ሕክምና አለው፤ መድኃኒቶቹም የታወቁ ናቸው። ግን ሥራቸው የሚለካው በቀን ሳይሆን በሳምንት ነው። ባንኮኒው ጋ ቆሜ ከማያቸው ክፉኛ የተጎዱ ፊቶች ብዙዎቹን የጎዳቸው ብጉሩ ራሱ አይደለም፤ ጥድፊያው ነው። በሦስት ቀን ለውጥ ያልታየበት ክሬም ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል፣ በላዩ ሎሚ ይታሻል፣ ከዚያ ደግሞ በጥፍር ይፈርጣል። ይህን መመሪያ የምጽፈው እዚያ ውስጥ እንዳትገቡ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ከቆዳው ሥር ምን እየሆነ ነው?

ፊታችን ላይ ያሉት የፀጉር ቀዳዳዎች ከሥራቸው ወዝ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አላቸው። ወዙ ቆዳን ስለሚያለሰልስ ክፋት የለውም። ጉርምስና ሲመጣ ግን አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ይጨምራሉ፣ ዕጢውም ወዝ ያበዛል። በዚያው ላይ የቀዳዳው አፍ ላይ ያለው የሞተ ቆዳ እንደ ወትሮው አይረግፍም፤ ተጣብቆ አፉን ይደፍነዋል። ወዙ መውጫ ያጣል። በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖረው ኪዩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይራባል። ሰውነት ይቆጣል፤ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ አፍንጫ ላይ የምትታየው ጥቁር ነጥብ ቆሻሻ አይደለችም። የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ክፍት ከሆነ ውስጡ ያለው ነገር አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። በሳሙና ብትፈትጉት አይለቅም። ሁለተኛ፣ ዛሬ የወጣው ብጉር ዛሬ አልተጀመረም፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ሳምንታት አልፈውታል። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒት ብትጀምሩም ከሥር ተራ የያዙት መውጣታቸው አይቀርም። ሕክምናው ሁለት ሦስት ወር የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

1. በእርግጥ ብጉር መሆኑን እዩ

መስታወት ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ። ብጉር ሲሆን ዓይነቱ ድብልቅ ነው፦ ጥቁር ነጥብ፣ ቆዳ የመሰለች ጠጠር ያለች ነጥብ፣ ቀይ እብጠት፣ መግል የያዘ፣ አንዳንዴም ጠልቆ የሚያም ትልቅ እብጠት። ፊት፣ ደረት፣ ትከሻና ጀርባ ላይ ይወጣል።

ሁሉም አንድ መጠን፣ አንድ መልክ ካላቸውና ከሚያሙት ይልቅ የሚያሳክኩ ከሆነ፣ በተለይ ግንባርና ደረት ላይ፣ የፀጉር ሥር ፈንገስ ሊሆን ይችላል። እንደ አዳማ ባለ ላብ በሚያበዛ አየር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የብጉር አንቲባዮቲክ ሊያብሰው ይችላል፤ የሚያስፈልገው የፈንገስ መድኃኒት ነው። ወንዶች ደግሞ ጢም በተላጨበት ቦታ ብቻ የሚወጣባችሁ ከሆነ ጥፋቱ የምላጩ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ተቆርጦ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ቆዳውን እየላጠ ከሚወስድ ምላጭ ይልቅ ጥቂት ፀጉር በሚያስቀር ማሽን ተስተካከሉ።

ግንባር ላይ፣ የፀጉር መስመሩን ተከትሎ የተደረደረ ከሆነ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፀጉራችሁን ምን ትቀባላችሁ? ለጋ ቅቤ፣ የፀጉር ቅባት፣ ቫዝሊን በሙቀት ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርድና ቀዳዳ ይደፍናል። ቅቤ መቀባቱን ተዉ አልልም፤ ባህላችን ነው፣ ፀጉርንም ያለሰልሳል። ከፀጉር መስመሩ ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ተቀቡ፣ ሻሽ እሰሩ፣ ሌሊት ግንባር ላይ የወረደውን ጠዋት በደንብ ታጠቡት። በዚህ ብቻ ግንባሩ የሚጠራለት ሰው አለ።

መድኃኒት የሚያመጣው ብጉርም አለ። ስቴሮይድ፣ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ለአንዳንድ ሴቶች ደግሞ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው ብጉር ሊያመጡ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ በተለይ የቲቢውን። ላዘዘላችሁ ሰው ንገሩት።

2. ጎጂውን አቁሙ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ፊታችሁ ላይ የምታደርጉትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩት።

መጀመሪያ «ፊት ማጥሪያ» የሚባለውን ክሬም አንሱ። ጀርባውን አንብቡ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን፣ ዴክሳሜታሶን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ለችፌና ለአለርጂ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለብጉር ግን አይሆንም። የሚያታልለው መጀመሪያ ላይ ነው። በሳምንት ውስጥ ቅላቱ ይጠፋል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ጎረቤት «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ሴቶች ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ አንድ ዓይነት ቀያይ ብጉር ፊቱን ይሞላዋል። ሲያቆሙት ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል። ለወራት ስትቀቡ ከቆያችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፣ አወጣጡን እሱ ይመራችኋል። ስም ሳይጻፍበት በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ የተቀላቀለ ክሬም ከሆነ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። በዓለም ላይ ከሚሸጡ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ሎሚ ቆዳ ያቃጥላል። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቆስልና ለወራት ሊጠቁር ይችላል፤ የአዳማን የቀትር ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ያቃጥላል። የጥርስ ሳሙና ቆዳ ያደርቃል፣ ያስቆጣል። የልብስ ሳሙናም ፊት ላይ ቦታ የለውም። የዓይን ቲቲሲ ቅባት መሠረቱ ቫዝሊን ስለሆነ ቀዳዳውን ያብሰዋል። እንቁላል ነጩና እርዱ ብዙም አይጎዱም፤ ብዙም አይጠቅሙም። ሶደሬ ወርዶ በፍል ውኃው መታጠብን የሚያምኑ አሉ። ለመዝናናት ሂዱ፣ ደስ ይላል፤ ለተቆጣ ፊት ግን ትኩስ ውኃ አይመከርም።

ከዚያ ጥፍር። ብጉር ሲፈርጥ መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይወጣም፤ የቀዳዳው ግድግዳ ከሥር ይቀደድና ወደ ውስጥም ይፈሳል። ጎድጓዳ ጠባሳ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ አለብን፦ የተቆጣ ቦታ ሁሉ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ብጉሩ በሳምንት ይጠፋል፣ ምልክቱ ወራት ይቆያል። እጃችሁ አልታዘዝ ካለ የምታፈርጡበትን ሰዓት ልብ በሉ። ለብዙ ሰው መታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ነው፣ ማታ። ታጥባችሁ፣ ተቀብታችሁ፣ ውጡ።

3. አስተጣጠብ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ለፊት በተሠራ ለስላሳ ማጠቢያ፣ በጣት። በስፖንጅ ወይም በሻካራ ፎጣ አትፈትጉ። ስፖርት ሠርታችሁ ወይም ቀኑን ሙሉ በባጃጅ አቧራ ስትበሉ ውላችሁ ከሆነ አንዴ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከታጠባችሁ ቆዳው ይደርቅና መድኃኒት መቻል ያቅተዋል። ፎጣው የግላችሁ ይሁን፣ የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

4. መድኃኒቱን ምረጡ

ጥቁርና ነጭ ነጥብ ብቻ ከሆነ አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄል ጥሩ መነሻ ነው። ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚያደርግ ስለሆነ የችግሩን ሥር ይነካል። ትሬቲኖይን 0.025 በመቶም ያው ቤተሰብ ነው፣ ከአዳፓሊን ግን ይበልጥ ያስቆጣል። አዳፓሊን ካላገኛችሁ ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ ያለበት ማጠቢያ ለቀላሉ ይረዳል።

ቀይና መግል የያዘ ካለበት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጨመራል። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ባክቴሪያውም አይለምደውም። በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይመጣል። ሰው 10 ይሻላል ብሎ ያስባል፤ 2.5ቱ ተቀራራቢ ውጤት አለው፣ ማቃጠሉ ግን በጣም ያነሰ ነው። ዝቅተኛውን ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህ መድኃኒት የነካውን ጨርቅ ያነጣል። ጠዋት ተቀብታችሁ ሳይደርቅ ነጠላ ብታጣፉ ጥለቱ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ይቀራል፣ ታጥቦም አይመለስም። ማታ ከሆነ ነጭ የትራስ ልብስ አድርጉ።

ክሊንዳማይሲን 1 በመቶ የሚቀባ አንቲባዮቲክ ነው። ብቻውን አትቀቡት። ባክቴሪያው ይለምደውና ከወራት በኋላ አይሠራም። ሁልጊዜ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ነው የሚሄደው።

አዜላይክ አሲድ በ15 ወይም በ20 በመቶ ይገኛል። በተገኘ ቁጥር ደስ የሚለኝ መድኃኒት ነው፤ ብጉሩንም ጥቁር ምልክቱንም አብሮ ያክማል። ነፍሰ ጡርም ልትጠቀምበት ትችላለች። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለመፀነስ ላሰበችም አይሆኑም። እህቶቼ፣ ፋርማሲ ስትገቡ ይህን ለመናገር አትፈሩ፤ እኛም ሳንጠይቅ መስጠት የለብንም።

5. አቀባቡ

ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራልኝም የሚለው እዚህ ስለሚሳሳት ነው። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ያደርጋል። የምታክሙት ገና ያልወጣውን ጭምር ስለሆነ መቀባት ያለበት ብጉር የሚወጣበት አካባቢ በሙሉ ነው።

ማታ ታጠቡ። በፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ አድርቁና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ አዳፓሊን ይቆጠቁጣል። አንዲት የአተር ፍሬ የምታክል ጄል ጣታችሁ ላይ አውጡ። ለፊት በሙሉ ይቺው ትበቃለች። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርጉና በስሱ አዳርሱ። የዓይን ዙሪያን፣ የከንፈር ጥግንና የአፍንጫ ክንፍ ሥርን ዝለሉ። ከዚያ ቀዳዳ የማይደፍን ቀለል ያለ ማለስለሻ በላዩ ተቀቡ። «ፊቴ ወዛም ነው፣ ማለስለሻ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አለ። ቆዳው ሲደርቅና ሲቆጣ ሰው መድኃኒቱን ይተወዋል፤ ማለስለሻው የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ሌሊት ተቀቡ፣ አንድ ሌሊት ዝለሉ። ፊቱ ከለመደ በየሌሊቱ አድርጉት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ጠዋት ተጠቀሙ፤ በተለይ ትሬቲኖይን የምትቀቡ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሰዓት አትደርቡ፣ ያዳክመዋል።

ጠዋት የመጨረሻው ነገር የፀሐይ መከላከያ ነው፦ ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ። ዋጋው ከከበዳችሁ ኮፍያና ጃንጥላ ብዙ ሥራ ይሠራሉ፤ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በጥላ ሂዱ።

6. ጊዜውን ስጡት

ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ፊቱ ሊብስ ይችላል። ከሥር የነበረው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ትንሽ መላጥ፣ ትንሽ መቆጥቆጥ የሚጠበቅ ነው። ፊቱ ካበጠ፣ ካቃጠለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን አቁሙና ተመርመሩ። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛው ሳምንት አዲስ የሚወጣው መቀነስ ይጀምራል። ሙሉ ፍርድ የሚሰጠው በ12ኛው ሳምንት ነው። በዚህ መሃል መድኃኒት አትቀያይሩ። በሁለት ሳምንት አንዴ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ፎቶ ተነሡ፤ በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያስተውለውም።

ስለ ምግብ ትንሽ

በርበሬ ብጉር ያመጣል የሚለውን ከእናቶቻችን ሰምተናል፤ ማስረጃ የለውም። ማስረጃ ያለው ስኳርና ነጭ ዱቄት ያበዛ አመጋገብ ላይ ነው፤ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ የሚያደርግ ምግብ ብጉርን ሊያብስ ይችላል። ወተትም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ፤ ጂም የሚሠሩ ልጆች የሚጠጡት የወተት ፕሮቲን ዱቄትም ይጠረጠራል። በሁዳዴ 55 ቀን ፊታቸው የሚጠራላቸው ሰዎች ያጋጥሙኛል። ሌላው ደግሞ ያው ጾም ላይ ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተሞላ ሻይ እያበዛ ይብስበታል። የራሳችሁን ፊት አስተውሉ። ምግብ ብቻውን ግን ብጉር አያድንም፤ «ስታገቢ ይጠፋል» የሚለው ምክርም እንደዚያው።

7. ወደ ሐኪም የሚያስኬደው

12 ሳምንት በትክክል ተቀብታችሁ ካልተሻለ ሂዱ። ጠልቆ የሚያም ትልልቅ እብጠት ካለ፣ ጎድጓዳ ጠባሳ ከጀመረ፣ ወይም ከቤት መውጣት እስኪያስጠላ ልብን ከሰበረ 12 ሳምንት አትጠብቁ። የወር አበባ የሚዛባባት፣ አገጭና ከንፈር ላይ ፀጉር የሚበዛባት ሴት የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አብሮ ከመጣ በዚያው ቀን ሂዱ።

ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። ከባድ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ባዶውንም ጭምር። ስሙን ከማስታወስ ማሳየት ይቀላል።

ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት አትተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ አይዋጥም። ፀሐይ ቶሎ ያቃጥላችኋል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት አይሰጥም። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ነው፣ ከሚቀባው ጋር። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን መዋጥ የዚህ ምትክ አይሆንም።

ለከባዱ አይሶትሬቲኖይን አለ። በአሜሪካ ከተፈቀደበት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካሁን የሚተካከለው አልተገኘም። ወዝ የሚያመነጨውን ዕጢ ያኮስሳል። ከንፈር በጣም ያደርቃል፣ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላ አንድ ወር አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ሊኖራት ግድ ነው። ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ አይወሰድም። ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

8. ሲጠራ፣ እና ጥቁር ምልክቱ

ፊቱ ሲጠራ አዳፓሊኑን አትጣሉት። በየሌሊቱ ካልሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት ቀጥሉበት፤ ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለስበታል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን መቀነስ ትችላላችሁ።

ጥቁር ምልክቱ ማድያት አይደለም፣ ጠባሳም አይደለም። ጣታችሁን አሳልፉበት፤ ጎድጎድ ካላለ ቀለም ብቻ ነው፣ በራሱም እየለቀቀ ይሄዳል። አዳፓሊንና አዜላይክ አሲድ ያፋጥኑታል፣ ፀሐይ ያዘገየዋል። ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ካገኛችሁ ለእኛ ቆዳ ይመረጣል፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውን ብርሃን ጭምር ስለሚከላከል። ጎድጎድ ያለው ጠባሳ ግን በክሬም አይሞላም። እሱን የቆዳ ሐኪም በመርፌ ወይም በሌዘር ነው የሚሠራው፣ ያውም አዲስ ብጉር መውጣቱ ከቆመ በኋላ።